ጥራት ያለው ጥጥ፦ ከቆላው ማሳ እስከ ደጋው እንዝርት

በደባርቅና በዳባት ጥጥ የምትፈትል እናት የጥጡን ጥራት በጣቷ ታውቀዋለች። ረጅምና ጠንካራ ቃጫ በእንዝርት ሳይበጠስ ይሳባል፤ አጭርና ያልበሰለው ግን እየተቋጠረ ያስቸግራል። የክር ፋብሪካም በመሣሪያ የሚለካው ይህንኑ ነው፤ የቃጫውን ርዝመት፣ ጥንካሬ፣ ውፍረትና ንጽሕና።

«ጥጡን ከቆላ ከምንገዛ ለምን እዚሁ አንዘራውም?» የሚል ጥያቄ ከማኅበራት ቢነሣ፣ የልማት ሠራተኛው መልሱን ከከፍታው ይጀምር። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ አገር አቀፉን የጥጥ ምርምር የሚመራው የወረር ማእከል ያለው 740 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቃጫው አበባው ከፈካ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ይረዝማል፤ ከዚያም ከውስጥ እየተደራረበ ይወፍራል። ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ይህ መደራረብ ይጓተታል፤ ቃጫው ስስ ሆኖ ይቀራል፤ ቀለምም በደንብ አይዝም። ስለዚህ ደጋ ላይ ጥጥ መዝራት ዘርንና ጉልበትን ማባከን ነው፤ መሬቱ ለገብስና ለባቄላ ይዋል። ጥጥ የሚስማማው እንደ መተማና ቋራ ላለ ቆላ ነው። ከሊማሊሞ ግርጌ ባሉ ሞቃት ሸለቆዎች መሞከር የሚሻ ማኅበርም በጠባብ ማሳ እንዲጀምር እንመክራለን።

በቆላ ለሚያመርቱ ማኅበራት የጥራት ሥራ ከዘር ይጀምራል። እንደ ዴልታፓይን 90 ያለ የታወቀ ዝርያ ከታመነ ምንጭ ተገዝቶ ለብቻው ይዘራ፤ የተደባለቀ ዘር ርዝመቱ የተዘበራረቀ ቃጫ ይሰጣል። ጓይ ትል ፍሬውን እየበሳ ጥጡን ያበላሻል፤ ነጭ ዝንብና ክሽክሽ ደግሞ በተከፈተው ጥጥ ላይ ጣፋጭ ፈሳሽ እየጣሉ ያጣብቁታል፤ እንዲህ ያለው ጥጥ የመፍተያ መኪናን ያስተጓጉላል። ስለሆነም ማሳውን በየሳምንቱ መቃኘት ያስፈልጋል።

ለቀማው ጤዛ ከደረቀ በኋላ ይሁን። በሚገባ የፈነዳው ብቻ ይለቀም፤ መሬት የወደቀውና ትል የነካው ለብቻው ይቀመጥ። ለመልቀሚያና ለማከማቻ የማዳበሪያ ጆንያ አይሁን፤ ከጆንያው የሚመዘዘው የፕላስቲክ ክር ከጥጡ ጋር ይዳመጣል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል፤ ቀለም ስለማይቀበል ጉዳቱ የሚታየው ጨርቁ ካለቀ በኋላ ነው። የጥጥ ጨርቅ ከረጢት ይህን ያስቀራል።

በመጨረሻም፣ ማኅበሩ ሲረከብ በደረጃ ለይቶ ይክፈል። ንጹሑንና ቆሻሻውን በአንድ ዋጋ የሚረከብ ማኅበር፣ ተጠንቅቆ የለቀመውን አባል ልፋት ከንቱ ያደርግበታል።