ክሪጊንግና ሎጋሪዝም፦ የስምጥ ሸለቆን ፍሎራይድ በካርታ ስናስቀምጥ

የዛሬው ርዕስ የካርታ ሶፍትዌር ለምትሠሩም፣ «ያ ባለቀለም ካርታ ከየት መጣ?» ብላችሁ ለምትጠይቁም ይሆናል። ጥያቄው ይህ ነው፦ በአንድ ወረዳ የተወሰኑ ጉድጓዶች ተለክተዋል። በመካከላቸው ባልተለካው ቦታ ውሃው ምን ያህል ፍሎራይድ አለው?

ፍሎራይድ በመጠኑ ሲሆን ጥርስን ይጠብቃል። እኔ በምኖርበት በዋይንድሃም ቬል በቧንቧው ውሃ ውስጥ ሆን ተብሎ በትንሹ ይጨመራል፤ ሜልቦርን ይህን የጀመረችው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ፍሎራይድ ለከርሰ ምድር ውሃ ይሰጣል፤ ውሃው ካልሲየም ካነሰው ደግሞ ፍሎራይዱን የሚያስቀርለት የለም። ሲበዛ ጥርስ ይበልዛል፤ ለዓመታት ከተጠጣ አጥንት ይጎዳል። በወንጂ ስኳር እርሻ የጉድጓድ ውሃ ለረጅም ጊዜ በጠጡ ሠራተኞች ላይ ይህ የአጥንት ጉዳት ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

ክሪጊንግ የሚነሳው ከቀላል ሐሳብ ነው፦ ቅርብ ለቅርብ ያሉ ነገሮች ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ያልተለካውን ቦታ በዙሪያው ካሉ ልኬቶች በሚዛን ይገምተዋል። ሚዛኑን የሚወስነው ቫሪዮግራም ነው፤ እሱም ርቀት ሲጨምር የልኬቶች ልዩነት እንዴት እንደሚያድግ ያሳያል። ክሪጊንግ ከግምቱ ጋር ቫሪያንስ፣ ማለትም ግምቱ ምን ያህል እርግጠኛ እንዳልሆነ የሚናገር ቁጥር ይሰጠናል። ስሙ የመጣው ከደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. የወርቅ ማዕድን ልኬቶችን ያጠና ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ዦርዥ ማትሮን በኋላ ንድፈ ሐሳቡን አሰፋው።

ወርቅና ፍሎራይድ አንድ ጠባይ ይጋራሉ፦ ብዙው ልኬት ትንሽ ነው፤ ጥቂቱ ግን እጅግ ይበዛል። ለምሳሌ ያህል አምስት ጉድጓዶች 0.4፣ 0.6፣ 0.9፣ 1.3 እና 12 ሚሊግራም አላቸው እንበል። አማካዩ 3.04 ነው፤ ከአምስቱ አራቱ ግን ከገደቡ በታች ናቸው! ቫሪዮግራም ደግሞ ልዩነትን በራሱ ስለሚያባዛ ችግሩን ያጎላዋል። በ12 እና በ0.9 መካከል ያለው ልዩነት በራሱ ሲባዛ 123 ገደማ ነው፤ በ1.3 እና በ0.4 መካከል ያለው 0.81 ብቻ። አንድ ጉድጓድ የሌሎቹን ሁሉ ድምፅ ይውጣል ማለት ነው።

መፍትሔው መጀመሪያ ሎጋሪዝም መውሰድ ነው። 12 ወደ 2.48፣ 0.4 ወደ −0.92 ይቀየራል፤ ስርጭቱም ይረጋጋል። ክሪጊንጉን በሎግ ላይ እንሠራለን። ጣጣው የሚመጣው ወደ ሚሊግራም ስንመለስ ነው።

በአንድ ነጥብ ላይ የሎግ ግምታችን 0፣ ቫሪያንሱ 0.8 ሆነ እንበል። በኤክስፖኔንሻል ስንመልሰው 1.0 ሚሊግራም እናገኛለን። ካርታው አረንጓዴ ሆነ፤ «ጠጡ» አለ። ግን ይህ 1.0 አማካይ አይደለም፤ ሚዲያን ነው፤ እውነተኛው መጠን ከሱ በላይ ወይም በታች የመሆኑ ዕድል እኩል ነው። በሎግ ላይ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ሚዲያንና አማካይ ይገጥማሉ። ወደ ሚሊግራም ስንመለስ ግን የላይኛው ግማሽ ይለጠጣል፣ የታችኛው ይጨመቃል፣ አማካዩም ወደ ላይ ይሸሻል። ለማስተካከል የቫሪያንሱን ግማሽ በሎጉ ግምት ላይ ደምረን እንመልሳለን፦ 0 ሲደመር 0.4፣ ውጤቱ 1.49። ገደቡ አፋፍ ላይ ደረስን! (ይህ ቀመር ለሲምፕል ክሪጊንግ ነው፤ በኦርዲናሪ ክሪጊንግ የላግራንዥ ማባዣ ስለሚገባበት ማስተካከያው ይለያል።)

ታዲያ የትኛውን እናሳይ? ለእኔ መልሱ ጥያቄውን ተከትሎ ይመጣል። የሚጠጣው ሰው የሚጠይቀው «አማካዩ ስንት ነው?» ብሎ አይደለም፤ «ከገደቡ በላይ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ወደ ሚሊግራም መመለስ አያስፈልግም፤ ገደቡን ራሱን ወደ ሎግ መውሰድ ይበቃል። የ1.5 ሎግ 0.405 ነው። በቫሪያንሱ ስኩዌር ሩት፣ በ0.894፣ ስናካፍለው 0.45 ይሆናል። ከኖርማል ስርጭት ሰንጠረዥ ስናየው ከገደቡ የማለፍ ዕድሉ 0.33 ገደማ ነው። ያ «አረንጓዴ» ነጥብ ከሦስት አንድ ዕድል አደጋ አለው!

ለምትሞክሩት ጥቂት ማሳሰቢያ፦

• በአር ጂስታትን፣ በፓይተን ፓይክሪጅን መጠቀም ትችላላችሁ። የሰጣችሁት ቁጥር ሎግ ይሁን ሚሊግራም አያውቁላችሁምና በተለዋዋጩ ስም ላይ አመልክቱ።
• ሎግ ከወሰዳችሁ በኋላ ሂስቶግራሙን እዩ። አሁንም ካዘነበለ ሌላ ትራንስፎርሜሽን ሞክሩ።
• ዜሮ ሎግ የለውም። «ዜሮ» የተባለው ብዙ ጊዜ መሣሪያው ሊለካው ከሚችለው በታች የሆነ መጠን ነው፤ በምን እንደተካችሁት ጻፉ።
• የዕድሉን ካርታ ከግምቱ ካርታ ጎን አሳዩ።

የትኛውም ካርታ ግን ጉድጓዱን መለካትን አይተካም። በስምጥ ሸለቆ ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት ጉድጓዶች እንኳ በጣም ሊለያዩ ይችላሉ። የዕድሉ ካርታ ትልቁ ጥቅም መመርመሪያው ጥቂት በሆነበት ቦታ መጀመሪያ ወደ የትኛው ጉድጓድ መሄድ እንዳለብን መጠቆሙ ነው።