ረጅሙ የእንግሊዝኛ ቃል ሲቆራረጥ ይቀላል

በኪርያት ጋት የኢንቴል ፋብሪካ መኖሩን የማያውቅ የለም። የኮምፒውተር ቺፕ ይመረትበታል፤ የሥራውን ዘርፍ በእንግሊዝኛ «ሴሚኮንዳክተር» ይሉታል። በካርሜ ጋት የሚኖር ተማሪ እንዲህ ያለ ቃል መጽሐፉ ላይ ሲያገኝ ገና ርዝመቱን አይቶ ይደነግጣል። አያቱም «እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ!» ብለው ዝም ይላሉ። ግን የሚረዱበት መንገድ አላቸው።

አንደኛው ቃሉን በድምፅ መቁረጥ ነው፦ ሴ - ሚ - ኮን - ዳክ - ተር። ልጁ እጁን አገጩ ሥር አድርጎ ቀስ ብሎ ሲናገር፣ አገጩ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ቁራጭ ይቆጠራል። እዚህ 5 ነው። ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብሎ ፊደል ለቆጠረ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም፤ የአማርኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ ነው የሚመጣው። በዕብራይስጥ ግን አናባቢው ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ ልጁ በልምድ እየሞላ ያነባል። እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ለአናባቢው ዓይኑን መክፈት አለበት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። «ስትሪት» በፊደላችን 4 ሆኖ ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛ ግን 1 ቁራጭ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው ፊደሉ ሳይሆን የአፍ መከፈት ነው።

ሁለተኛው በትርጉም መቁረጥ ነው። «ሴሚ» ከፊል ማለት ነው፤ «ኮንዳክት» ማስተላለፍ፤ መጨረሻ ላይ ያለው «ኦር» አድራጊውን ያሳያል። ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፍ ማለት ነው። በድምፅ ሲቆረጥ «ት» ወደ ኋለኛው ቁራጭ ይሄዳል፣ በትርጉም ሲቆረጥ ግን ከ«ኮንዳክት» ጋር ይቀራል። ሁለቱ አቆራረጦች ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ የመጀመሪያው ለማንበብ፣ ሁለተኛው ለመረዳት ነው።

አማርኛም እንዲሁ ይፈታል። «የማይሰበር» ውስጥ «ሰበረ» አለ፤ ከፊቱ የገባው «የማይ» ደግሞ ይክደዋል። እንግሊዝኛው «አንብሬከብል» ይላል፦ «አን» ይክዳል፣ «ብሬክ» መስበር ነው፣ «ኤብል» መቻል።

አያት እንግሊዝኛ ማወቅ አይጠበቅባቸውም። «የት የት ይቆረጣል? መሐል ያለው ምን ማለት ነው? በአማርኛስ ምን እንለዋለን?» ብለው መጠየቅ ይበቃቸዋል። ልጁ ሲያስረዳ ቃሉ ይያዝለታል፤ ለባግሩት ፈተናም ይጠቅመዋል። አማርኛውም አብሮ ይተርፈዋል።