የሰባ ሰባቱ ልጆች፣ ስኳርና ደም ግፊት

ወሎ ውስጥ ዕድሜውን ሲጠየቅ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው የተወለድኩት» ወይም «ያኔ ገና ዳዴ እል ነበር» ብሎ የሚመልስ ሰው ብዙ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ካርድ ሲወጣ ይህ መልስ ወደ ቁጥር ይቀየርና 41 ወይም 42 ተብሎ ይጻፋል፤ ረሃቡ ከካርዱ ውጭ ይቀራል። ሊቀር ግን አይገባውም ነበር። እናቱ ማህፀን ውስጥ ሳለ የተራበ ሰው አርባን ሲሻገር ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ይበልጥ የተጋለጠ እንደሚሆን የሚያሳዩ ጥናቶች እየበዙ መጥተዋል።

አንዱ ጥናት የተሠራው እዚያው ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ ራያ ቆቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ይህ ጥናት በረሃቡ ዘመን ማህፀን ውስጥ የነበሩትንና በጨቅላነታቸው ያሳለፉትን ሰዎች፣ ረሃቡ ካለፈ በኋላ ከተወለዱት ጋር አነጻጸረ። በማህፀን ሳሉ ረሃቡ ባገኛቸው ላይ የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ የደም ቅባትና የወገብ ውፍረት ችግሮች ተደራርበው በብዛት ታዩ። ቀደም ሲልም ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ ተመራማሪዎች ረሃቡ በበረታበት ወቅት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩ ኢትዮጵያውያን አድገው ቁመታቸው ሲለካ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥረው እንደተገኙ ጽፈዋል። ቁመት በዓይን ይታያል። በቆሽትና በኩላሊት ላይ የደረሰው ግን ሰው አርባ ዓመት እስኪሞላው ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። እናት ስትራብ ለጽንሱ የሚደርሰው ምግብ ያንሳል። በክፉ ቀን በሬውን ሸጦ ልጆቹን እንደሚያተርፍ ገበሬ፣ የጽንሱ ሰውነትም ያለችውን ምግብ ለአንጎል ቅድሚያ ሰጥቶ ከሌላው ላይ ይቆጥባል። ኢንሱሊን የሚያመርቱት የቆሽት ሴሎች በአብዛኛው የሚፈጠሩት በማህፀንና በመጀመሪያዎቹ የልጅነት ዓመታት ነው። ደም የሚያጣሩት የኩላሊት ክፍሎች ደግሞ ቁጥራቸው የሚወሰነው ልጁ ሳይወለድ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይጨመርባቸውም። ቆሽቱ ትንሽ አምራች ይዞ የተወለደ ልጅ ሲያድግ ከተማ ገብቶ፣ ተቀምጦ የሚውልበት ሥራ ይዞ፣ ዘይትና ስኳር እንደልብ ሲያገኝ ያቺ ትንሽ አቅም አትበቃውም። ኩላሊቱም በጥቂት ማጣሪያ ብዙ ደም ሲያጣራ ግፊቱ ይጨምራል።

ይህ በወሎ ብቻ የታየ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944/45 ክረምት፣ በጀርመን ከበባ የተራቡት የሆላንድ እናቶች የወለዷቸው ልጆች ሃምሳ ዓመት ሲሆናቸው ተመርምረው፣ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ደክሞ ተገኝቷል። ከሁሉ ሰፊው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዩክሬን ጥናት ነው። ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ፣ የ1932/33ቱ ረሃብ በበረታበት ጊዜ የተጸነሱት ሰዎች በዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳየ። እንዲህም ሆኖ ዕድል ማለት ፍርድ ማለት አይደለም። በሰባ ሰባቱ ተወልደው ግፊትም ስኳርም የሌለባቸው ሰዎች ሞልተዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከሲታው ሕመምተኛ ነው። ስኳር «የሀብታም በሽታ» ነው የሚለው እምነት አሁንም አለ። በዚህ የተነሳ አንድ ቀጭን ገበሬ ውሃ እየጠማው፣ ሌሊት ሽንት እየተመላለሰበት፣ ሥጋው እያለቀ ሲሄድ ቤተሰቡ ስለ ስኳር አያስብም። የጎንደሯ ሐኪም ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ብሪታኒያዊው ኤልድሪድ ፓሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች በአብዛኛው ድሆች፣ ቀጫጮችና ወንዶች መሆናቸውን አሳይተው ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው ስኳር እንደገና ይታይ ሲሉ ጠየቁ። «እንደገና» ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1955 ጃማይካ ውስጥ ተገልጾ፣ በ1985 የዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ ውስጥ ገብቶ፣ በ1999 ማስረጃው አልበቃም ተብሎ ወጥቶ ነበር። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ «ዓይነት አምስት» ብሎ ተቀበለው። የሚስማሙበት ሁሉም ተመራማሪዎች አይደሉም፤ ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

ስሙ ለሕመምተኛው ምን ይፈይዳል? ሕክምናውን ሊለውጠው ይችላል። የእነዚህ ሰዎች ቆሽት ኢንሱሊን የሚያመርተው በጥቂቱ ቢሆንም ጨርሶ አላቆመም፤ ሰውነታቸውም ለኢንሱሊን እንቢተኛ አይደለም። እንደ ዓይነት አንድ ሕመምተኛ ብዙ ኢንሱሊን ቢታዘዝላቸውና የሚበላ በቂ ምግብ ቤት ውስጥ ከሌለ፣ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ስለዚህ ቤት ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበላ ለሐኪሙ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ማፈር አይገባም፤ መጠኑ የሚወሰነው በዚያ ነው።

በረሃቡ ዘመን የተወለደ ሰው ወፍራም ባይሆንም፣ ምንም ባያመውም፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ ግፊቱንና ስኳሩን ይለካ። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት፣ ሳይበላ ጠዋት ተለክቶ 126 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስኳር ከሐኪም ጋር መነጋገር ይጠይቃሉ። ካርድ ክፍል ባይጠየቅም ለሐኪሙ «እናቴ በሰባ ሰባቱ ነው ያረገዘችኝ» ይበል።

መድኃኒት ከተጀመረ ደግሞ ወሎ ውስጥ ትልቁ ጥያቄ ጾም ነው። አንድ ቤት ውስጥ የረመዳንም የዐቢይ ጾምም ጿሚ አለ። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከመጠን በላይ የመውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ መግሪብ ሳይበላ መቆየት ግን አደገኛ ነው። ጾሙ ከመግባቱ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ሐኪም ጋ ሄዶ መጠኑንና ሰዓቱን ማስተካከል፣ ወይም መጾም እንደማይቻል መስማት ያስፈልጋል። ጿሚው ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ግራ ከተጋባ ጾሙን ወዲያው ያፍርስ፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

መድኃኒቱ መቋረጡ ምን እንደሚያስከትል በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስና የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ በየቤቱ ታይቷል። በሰላም ቀን እንኳ ኢንሱሊን በሙቀት ይበላሻል። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀዝቃዛ ናት፤ በሐረጎ ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ግን አየሩ ይሞቃል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ በረዶ ከነካው ይጣላል። የተከፈተው ከ25 ዲግሪ በማያልፍ ቀዝቃዛ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ፍሪጅ የሌለው ሰው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ይግዛ። ትንሹን ትልቁ ውስጥ አድርጎ፣ መሀሉን አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጣው። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ያኑርና በእርጥብ ጨርቅ ይክደነው፤ ማሰሮውንም ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ ያስቀምጠው። ዘዴው በበጋ ደረቅ አየር ጥሩ ይሠራል፣ ክረምት አየሩ ሲረጥብ ይደክማል።