ቄጤማውም ይጎዝጎዝ፣ መስኮቱም ይከፈት

መስከረም ሲጠባ በማንኩሳ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል። ከወንዝ ዳር የታጨደ ቄጤማ ወለሉ ላይ ይጎዘጎዛል፤ አደዩም ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ወይም ጣሳ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በከተሞች ደግሞ በዕቃ የተተከሉ ዕፅዋትን ሳሎን ውስጥ ማኖር ተለምዷል። ልማዱ ቤትን ያስውባል፤ መንፈስንም ያድሳል። ይሁንና ለጤናዎ ሲሉ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

በቅድሚያ፣ ዕፅዋት የቤት ውስጥ አየርን ያጣራሉ የሚለው እምነት የተጋነነ ነው። እምነቱን ያስፋፋው የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ ያደረገው፣ በታሸጉ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ የተካሄደ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ግን ተራ የአየር ዝውውር የሚሰጠውን ጥቅም ለማግኘት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1ሺህ ዕፅዋት እንደሚያስፈልጉ አስልቷል።

ስለዚህ ቡና ሲያፈሉ አበባና ቄጤማ አለ ብለው አይዘናጉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል። ጭሱ አልቆ ፍም ቢሆንም ጋዙ አይቀርም። በርና መስኮት ይክፈቱ፤ ፍም ያለበትን ምድጃ ቤት ውስጥ ትተው አይተኙ። ራስዎን ካመመዎ፣ ካዞረዎ ወይም ካቅለሸለሸዎ ፈጥነው ወደ ውጭ ይውጡ፤ ሕመሙ ካልተሻለዎ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ሁለተኛው የአበባው ውሃ ነው። የአደይ ወቅት የወባ ወቅትም ነው። አብዛኛው የወባ ትንኝ የሚራባው ዝናብ ባቆረው ኩሬ ቢሆንም፣ በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር የተገኘው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው ዝርያ በቤት አካባቢ በተጠራቀመ ውሃም ይራባል። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ በአበባ ማስቀመጫ ውሃ እንኳ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በራሪ ትንኝ ለመሆን አንድ ሳምንት ያህል ሊበቃው ይችላል። ስለሆነም ውሃውን በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ይድፉ፤ የዕቃውንም ውስጥ በደንብ ፈትገው ይጠቡ። በተክል ዕቃ ሥር የሚቆመውን ውሃም አይርሱ።

ሦስተኛ፣ እርጥብ ቄጤማ ሲሰነብት ይሻግታል። ሻጋታው አስም ያለበትን ሰው ያስነሳበታል። በዓሉ እንዳለፈ ጠርገው ያውጡት፤ ወለሉንም ያድርቁ።

በመጨረሻም፣ ሕፃናት ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደር ቅጠሉም አበባውም መርዛማ ነው፤ የልብ ምትን ያዛባል። ነጭ ዝንጉርጉር ሰፋፊ ቅጠል ያለው ዲፈንባኪያ ደግሞ ሲታኘክ አፍና ምላስን ያሳብጣል። የሚገዙትን ተክል ምንነት ሻጩን ይጠይቁ፤ ልጅ ካለ እንዲህ ያሉትን ወደ ቤት አያስገቡ። ልጅዎ ከቀመሰ አፉን በውሃ ያጉመጥሙጡት፤ ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ቅጠሉን ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።