«ሚሊኢኩቫለንት» ምን ማለት ነው? በሕክምናስ ምን ይጠቅማል?

«ሚሊኢኩቫለንት» የሚለውን መለኪያ በመድኃኒት ጠርሙሶችና በላቦራቶሪ ውጤቶች ላይ ደጋግመን ስለምናየው ብዙዎቻችን ትርጉሙን ሳንጠይቅ እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ቃሉን በትክክል አለመረዳት ለበሽተኛው የሚሰጠውን መጠን በእጥፍ ሊያዛባ ይችላል።

«ኢኩቫለንት» ማለት «እኩል ዋጋ ያለው» እንደማለት ነው። ጀርመናዊው ሪሽተር በ1790ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተወሰነ መጠን ያለው አሲድ የሚመጣጠነው ከተወሰነ መጠን ቤዝ ጋር መሆኑን አሳየ። እንግሊዛዊው ዎላስተን ደግሞ በ1814 እ.ኤ.አ. የንጥረ ነገሮችን ኢኩቫለንት የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ አቀረበ። ሞል በ1971 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት መሠረታዊ አሃድ ከሆነ ወዲህ በብዙ አገሮች ሚሊሞል ተተክቷል። ሆኖም አሮጌው መለኪያ በተለይ በአሜሪካ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሚሊሞሉ በአዮኑ የኤሌክትሪክ ሙል ብዛት ሲባዛ ሚሊኢኩቫለንት ይገኛል። ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ አንድ ሙል ብቻ ስላላቸው ሁለቱ መለኪያዎች እኩል ናቸው። ካልሲየምና ማግኒዥየም ግን ሁለት ሙል ስላላቸው 1 ሚሊሞል 2 ሚሊኢኩቫለንት ይሆናል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። በመርፌ የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት 1 ግራሙ 4 ሚሊሞል ገደማ፣ ማለትም 8 ሚሊኢኩቫለንት ገደማ ማግኒዥየም ይይዛል። ስለዚህ አሃዱ ሳይጻፍ «ማግኒዥየም 8» ተብሎ ቢታዘዝ አንዱ ባለሙያ 1 ግራም፣ ሌላው 2 ግራም ሊሰጥ ይችላል። ማግኒዥየም ከመጠን ሲያልፍ በመጀመሪያ የጉልበት ሪፍሌክስ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ትንፋሽ ይደክማል፤ በመጨረሻም ልብ ሊቆም ይችላል። ማርከሻው 10 በመቶ የሆነ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ቀስ ብሎ መስጠት ነው።

አሮጌው መለኪያ ግን ዛሬም ጥቅም አለው። በደም ውስጥ የአዎንታዊና የአሉታዊ ሙሎች ድምር እኩል በመሆኑ፣ ከሶዲየም ላይ ክሎራይድና ባይካርቦኔት ሲቀነሱ የሚቀረው «አኒየን ጋፕ» ያልተለኩትን አዮኖች ያመለክታል። ለምሳሌ ሶዲየም 140፣ ክሎራይድ 100፣ ባይካርቦኔት 10 ቢሆን ቀሪው 30 ነው። ይህ ከተለመደው 8–12 እጅግ ስለሚበልጥ የስኳር በሽታ ኬቶአሲዶሲስን፣ የላክቲክ አሲድ መከማቸትን፣ የኩላሊት ድክመትን ወይም የሜታኖል መመረዝን እንድንጠረጥር ያስገድደናል።

በመሆኑም መድኃኒት ስናዝ የጨውን ስም ከነአሃዱ በሙሉ እንጻፍ፤ አሃድ የሌለው ማዘዣ ሲደርሰንም ሳናፍር አዛዡን እንጠይቅ።