የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የከሰረው መኪና

በንግድ ዓለም ጥሩ ዕቃ ሁሉ አትራፊ አይሆንም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የጀርመኑ ኤን.ኤስ.ዩ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ ያቀረበው «ሮ 80» የተባለ የቅንጦት አውቶሞቢል ነው።

መቀመጫው ኔካርሱልም የነበረው ኤን.ኤስ.ዩ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከዓለም ታላላቅ የሞተር ብስክሌት አምራቾች አንዱ ነበር። የጀርመን ሸማች ኪሱ ዳብሮ ወደ መኪና ሲዞር ኩባንያውም አብሮ ዞረ። የተማመነውም ከፊሊክስ ዋንክል ጋር ባጎለበተው አዲስ ሞተር ነበር።

በተለመደው ሞተር ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። በዋንክል ሞተር ግን ባለሦስት ማዕዘን ሮተር በሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል። ቫልቭ የለውም፤ ንዝረቱም አነስተኛ ነው። «ሮ 80» ሁለት ሮተሮችና 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የፍሪሲዮን ፔዳል አልነበረውም፤ ቅርጹም ነፋስ የሚሰነጥቅ ነበር። በ1968 የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ መኪና ተብሎ ተሸለመ።

ዋስትና ያመጣው ዕዳ

ችግሩ የመጣው ከሽያጭ በኋላ ነው። በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ ያሉት፣ በፒስተን ሞተር የፋሻን ሥራ የሚሠሩት ማሸጊያዎች ቶሎ ይበሉ ጀመር። ብዙ ሞተሮች ገና 50 ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ ወረዱ። ኩባንያው ስሙን ለመጠበቅ ሲል ሞተሮቹን በዋስትና በነፃ ይቀይር ነበር። የሸጠውን መኪና ሁለተኛ ጊዜ እንደ መሥራት ማለት ነው። ለአነስተኛ አምራች ይህ ከባድ ሸክም ነበር።

በ1969 ኤን.ኤስ.ዩ በቮልስዋገን ሥር ከነበረው አውቶ ዩኒየን ጋር ተዋሐደ። ቮልስዋገንም የአዲሱ ድርጅት ዋና ባለቤት ሆነ።

ባለአክሲዮኖቹ ምን አገኙ?

መኪናው ቢያከስርም የሞተሩ ፈቃድ ውድ ሀብት ነበር። የጃፓኑ ማዝዳ በ1961 ፈቃዱን ገዝቷል። ጄኔራል ሞተርስ በ1970 ለፈቃዱ 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስለዚህ የኤን.ኤስ.ዩ ባለአክሲዮኖች ይህ ሀብት በውህደቱ እንዳይዋጥ ተከራክረው፣ ከፈቃዱ ገቢ ድርሻ የሚያስገኝ የተለየ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ወረቀቱም እንደ አክሲዮን ይሸጥና ይለወጥ ነበር።

የማሸጊያው ጉድለት በ1970 ገደማ በአብዛኛው ተስተካከለ። የጠፋው ስም ግን አልተመለሰም፤ ያገለገለው «ሮ 80» ዋጋም ወደቀ። ቀጥሎ በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ፣ ነዳጅ የሚጠጣው ሞተር ጨርሶ ገዢ አጣ። ጄኔራል ሞተርስም ዕቅዱን ተወ። «ሮ 80» በ1977 ምርቱ ሲቆም በአሥር ዓመት የተሠራው 37 ሺህ ያህል ብቻ ነበር፤ በዓመት 4 ሺህ እንኳ አይሞላም።

በዚያው ሞተር ማዝዳ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖች ሠርቷል። ማዝዳ ሌሎች አትራፊ መኪኖች ስለነበሩት ሞተሩን እስኪያሻሽል ኪሳራውን መሸከም ችሏል። ኤን.ኤስ.ዩ ግን ሙከራውን ያካሄደው በደንበኞቹ እጅ ነው። ዋስትና የሚሰጥ ነጋዴ ሽያጩን እንደ ገቢ ከመቁጠሩ በፊት፣ የተመላሹን ዕቃ ወጪ በመዝገቡ ማስፈር አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።