በመኪና ውስጥ የሚቆራረጥ ሬዲዮ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሆኖም መንገደኛው በዚህች አጭር ርቀት ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣል። በጉዞው ላይ የመኪናው ሬዲዮ አንዴ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አንዴ በጩኸት ይዋጣል፤ በአንዱ ኩርባ ላይ ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለመኪናዎች “ሬዲዮኑ ተበላሽቷል” ብለው ይደመድሙና አዲስ ለመግዛት ገንዘብ ያወጣሉ። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የመልክዓ ምድሩ፣ የአንቴናው ወይም የመኪናው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን እንዴት መለየት እንደሚቻል እንመለከታለን።

ተራራውና ሞገዱ

በአገራችን የኤፍ ኤም ጣቢያዎች የሚሠሩት ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ነው። በ100 ሜጋ ኸርዝ የሚሰራጭ ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው። ይህን ያህል አጭር የሆነ ሞገድ ተራራን ዞሮ የማለፍ ችሎታው አነስተኛ ስለሆነ ከሸንተረር በስተጀርባ ጥላ ይፈጠራል። በሜዳ ላይ እንኳ የምድር ክብነት ይገድበዋል። የማሰራጫውንና የመኪናውን አንቴና ከፍታ በሜትር ወስደን የሁለቱን ስኩዌር ሩት ብንደምርና በ4.12 ብናባዛ፣ ሞገዱ የሚደርስበትን ርቀት በኪሎ ሜትር በግምት እናገኛለን። ለ100 ሜትር ማማና ለ1.5 ሜትር የመኪና አንቴና ውጤቱ 46 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ከአርባ ምንጭ በቀጥታ መስመር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ በአካባቢው ተቀብሎ የሚያሰራጭ ጣቢያ ከሌለ በቀር የቱንም ያህል ውድ ሬዲዮ ቢገጠም የመዲናዋን ኤፍ ኤም አዘውትሮ ማዳመጥ አይቻልም።

ተራራ ሞገድን ከመከለሉም በላይ መልሶ ያንጸባርቀዋል። በቀጥታ የመጣውና ከገደሉ ተንጸባርቆ የመጣው ሞገድ አንቴናው ላይ ሲገናኙ በአንዱ ቦታ ይደጋገፋሉ፤ በሌላው ይጠፋፋሉ። ከተቃራኒ አቅጣጫ የመጡ ከሆነ ድምፅ የሚዳከምባቸው ቦታዎች በየ1.5 ሜትሩ ይደረደራሉ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ድምፁ በሰከንድ ሰባት ጊዜ ገደማ ይቆራረጣል። ስለዚህ ቆሞ ሳለ ድምፅ የጠፋበትን መኪና አንድ እርምጃ ያህል ማንቀሳቀስ ድምፁን ከመለሰው፣ ጥፋቱ የቦታው እንጂ የሬዲዮኑ አይደለም።

አንቴናው

መኪናው ከተማ ውስጥ፣ ከማሰራጫው አጠገብ ቆሞም ሁሉም ጣቢያዎች ደክመው የሚሰሙ ከሆነ አንቴናውን እንጠርጥር። ለ100 ሜጋ ኸርዝ ተስማሚው ዘንግ የሞገዱን ርዝመት ሩብ፣ ማለትም 75 ሳንቲ ሜትር ያህላል፤ የተሰበረውን በማንኛውም ቁራጭ ሽቦ መተካት የማያዋጣው ለዚህ ነው። የመኪናው ብረታማ አካልም የአንቴናው ግማሽ ሆኖ ያገለግላል። በዘንጉ ሥር ዝገት፣ ቀለም ወይም አቧራ ገብቶ ግንኙነቱን ካቋረጠ ዘንጉ ጤነኛ ሆኖም ሥራው ይጓደላል። ዘንጉን በእጅ ሲነቀንቁት ድምፁ ከተለዋወጠ ጥፋቱ እዚያው ነው።

መኪናው ራሱ

ሞተሩን አጥፍተን ሬዲዮኑን ብቻ እንክፈት። ጩኸቱ አብሮ ከጠፋ ምንጩ መኪናው ነው። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር የሚቀጥን ፉጨት ከዲናሞው፣ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ደግሞ ከካንዴላው ብልጭታ ይመጣል። በሲጋራ መለኮሻው ላይ የተሰካ የስልክ ቻርጀርም ጣልቃ ሊገባ ስለሚችል ነቅሎ መሞከር ይገባል።

ከላይኛው የኤፍ ኤም ክልል አንድም ጣቢያ የማይገኝ ከሆነ፣ መኪናው ለጃፓን ገበያ የተሠራ እንደሆነ እንመርምር። በዚያች አገር የኤፍ ኤም ክልል ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነበር፤ ኋላ እስከ 95 ተዘርግቷል። እንዲህ ያለው ሬዲዮ አልተበላሸም፤ ነገር ግን 97.1ን የሚይዝበት ቦታ የለውም። መፍትሔው ድግግሞሹን ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ መግጠም ወይም ሬዲዮኑን መቀየር ነው።

በኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ አዲስ ችግር መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የእነዚህ መኪኖች ተፈላጊነት ጨምሯል። የሞተራቸው መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ሺህ ጊዜያት ስለሚያበራና ስለሚያጠፋ መካከለኛ ሞገድን ይረብሻል፤ አንዳንድ አምራቾችም መካከለኛ ሞገድን ከሬዲዮኖቻቸው እስከ ማስወጣት ደርሰዋል። ይህ ለእኛ ቀላል ጉዳት አይደለም። በ873 ኪሎ ኸርዝ የሚሰራጭ ሞገድ 343 ሜትር ያህል ስለሚረዝም የምድርን ገጽ ተከትሎ፣ ኤፍ ኤም ከማይደርስበት ሸለቆም ይገባል። ተራራ ለበዛበት አገር የሚስማማው ሞገድ በመኪናው ውስጥ የሚታፈነው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ኪስን ከመዳሰስ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይቅደሙ፦ ሌላ ሬዲዮ እዚሁ ቦታ ላይ ይሰማል? ከማሰራጫው አጠገብ ስንሆንስ? ሞተሩ ሲጠፋስ? አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ከሦስቱ መልሶች በአንዱ ውስጥ ነው።